ዘጠኝ አውራ ጣት

ባሕር ዳር
ኅዳር 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፤

ይህች ወረቀት ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ በሐሙሲት በኩል አልፋ፣ ወረታ ሸማኔው አያ በላቸው እጅ እስክትገባ ድረስ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ቁርጥማቱ ተወሽ ወይስ ዛሬም ሲበርድ ይነዝርሻል? ክረምቱን ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ እንዳለበሰው እዚህ ተወርቷል። ውሃው ደጃፍሽ ደርሶ ይሆን? ሸክላ የምታደርቂባት ዳስ ቆማለች? ላሚቱስ ወለደች? ይህን ሁሉ በአካል መጥቶ መጠየቅ የልጅ ወግ ነበር። እኔ ግን ድንኳናችን ወረታ ዳር ተተክሎ ሳለ እንኳ ደጅሽን አልረገጥኩም። ከዚያም ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፍኩልሽም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽሽም።

እኔ በሥጋዬ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አላመመኝም፣ አልራበኝም። እንዲያውም ወፍሬያለሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ባሕር ዳር ተስማምቶሃል ብሎ ሲያሾፍብኝ፣ ምን እንዳሳፈረኝ ግራ ገባው።

አያ በላቸው፣ እንግዲህ የምታነበው አንተ ነህ። ቤቱን ዘግተህ አንብብላት። ደግሞ አውቅሃለሁ፤ ክፉ ክፉውን እየዘለልክ፣ ሰላም ብሎሻል፣ ናፍቀሽኛል ብሎሻል እያልክ ልታልፈው ትችላለህ። አደራህን፣ እንዳታደርገው። ከምትሸምነው ሸማ ላይ አንዲት ክር ብትዘል ይታወቅብህ የለ፤ ይኼም እንደዚያው ነው። እንዳለ አንብበው።

እማዬ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። የመንግሥት ሥራ ያዝኩ ስልሽ ተመስገን አልሽ፤ እዚያው ላይ ቀረን። መሥሪያ ቤታችን ከመሬት ሆድ ለፋብሪካ የሚሆን ነገር የሚፈልግ ነው። ወርቅ አይደለም። ኖራ ነው፣ ጀሶ ነው፣ ለጡብና ለጣራ ክዳን የሚሆን የሸክላ አፈር ነው፣ ለሲኒና ለሰሃን የሚሆን ነጭ አፈር ነው። አምና በጥር ወረታ ዳር ስንሰፍር የአገሩ ሰው ከቦን ወርቅ አገኛችሁ ወይ ይለን ነበር። አፈር ነው የምንፈልገው ስንለው ሳቀብን። አንዱ ሽማግሌማ፣ በሉ ከእኔ ማሳ ጀምሩ፣ ክረምት ሲገባ ከነጭቃው ውሰዱልኝ አለን።

የዚያ አገር ልጅ ስለሆንኩ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መንገድ ምራን ብለው ነው ይዘውኝ የመጡት። የዚያ አገር ልጅ መሆኔን እንጂ የማን ልጅ መሆኔን ግን አያውቁም። ታስታውሻለሽ፣ ደብረ ታቦር ተማሪ ቤት ስገባ አበረ መባሉን ትቼ በክርስትና ስሜ ገብረማርያም ብዬ ተመዘገብኩ። የአባቴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአያልነህን ስም ማስከተል ሲገባኝ ደግሞ የአያቴን የየሻውን አስከተልኩ። አያልነህ ስል፣ ቀጥቃጩ አያልነህ ነው ወይ የሚል አይጠፋማ። ይህን ስነግርሽ አልተቆጣሽም። ምነው፣ አባትህ ምን አደረገህ ብለሽ አንዴ ብቻ ጠየቅሽኝ። ያን ሳምንት ለደብተሬ ብለሽ አሥራ ሁለት እንስራ እስከ ይፋግ ገበያ ተሸክመሽ ተመላልሰሽ ነበር። እኔም ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሜዳውን ወጋነው። ሁለት ሰው ይዞ የሚያሽከረክረው ረጅም ብረት አለ፤ እየተሽከረከረ ይገባና አፈሩን ነክሶ ይወጣል። ከርብ እስከ ጉማራ አርባ ቦታ ወጋን። የሚወጣው ሁሉ ያው ጥቁር ዋልካ ነው። ሲረጥብ እንደሚያብጥ፣ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ እሳት እንደማይችል አንቺ ሳትቆፍሪ ትነግሪን ነበር። ለአፈሩ ብሎ ከውጭ የመጣ አንድ ፈረንጅ አለ፤ እሱ ግን ከየጉድጓዱ በከረጢት እየያዘ፣ እኔ በላዩ ቁጥር እየጻፍኩ ስንደክም ከረምን። በመጨረሻ አለቃችን አቶ ደሞዝ ሰበሰቡንና፣ በዚህ ሳምንት ካልተገኘ ድንኳኑ ይነሣል፣ በጊዜያዊነት የተቀጠራችሁም ትሰናበታላችሁ አሉን። እኔ ጊዜያዊ ነበርኩ።

እማዬ፣ እኔኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ከደብረ ታቦር መንገድ በስተግራ፣ ከጉብታው ጀርባ፣ እናንተ ሸክላ ሠሪዎቹ ጓዳ የምትሉት የሸክላ አፈር ጉድጓድ እንዳለ ከእኔ በቀር ከዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። አንቺ ሳታዝይኝ የማትወርጂበት ጊዜ ነበርና ደንቡን ሁሉ አውቀዋለሁ። ሴት እንጂ ወንድ አይወርድበትም። ክረምት አይወረድም። ሲወረድም ፊት ታላቋ ገብታ በዶማ እጀታ ጣራውን መታ መታ አድርጋ፣ ድምፁን ሰምታ፣ ግቡ ስትል ነው። እያንዳንዷ የምትሸከመውን ያህል ብቻ ትወስዳለች፤ ስትወጡ አፉን በእሾህ ትዘጉታላችሁ። ለባዕድ ማሳየት ነውር ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሐሙስ ዕለት ጠዋት ፈረንጁንና አቶ ደሞዝን መርቼ ወሰድኳቸው። ልጅ ሆኜ ከብት ጠፍቶብኝ ስፈልግ ያገኘሁት ቦታ ነው አልኳቸው። እሾሁንም ያነሣሁት በገዛ እጄ ነው።

ፈረንጁ ወርዶ ከግድግዳው ቆንጠር አደረገና በፊት ጥርሱ አኝኮ ተፋው። ልክ እንዳንቺ እኮ ነው፤ መጀመሪያ በጥርስ፣ ቀጥሎ በምላስ። አቶ ደሞዝ ተደንቀው፣ መማር ማለት ይኼ ነው፣ አፈሩን በአፉ ይለየዋል አሉ። አንቺ ያንኑ ስታደርጊ ያዩሽ መንገደኞች ምን ብለው እንዳማተቡ ትዝ አለኝ። ያሉትን እዚህ አልጽፈውም፤ አንቺም አልረሳሽውም።

ቀጥሎ የሆነውን እስከ ዛሬ ለራሴም ማስረዳት ያቅተኛል። ሳላስበው እጄ ሄደ። ከሥር ካለው ከነጩ ቆንጥሬ አፌ ውስጥ ከተትኩ፤ አኘክ አኘክ አድርጌ ተፋሁና፣ የላይኛው አሸዋ አለበት፣ ደኅናው ይኼ የሥረኛው ነው፣ እሳት ይችላል አልኩ። ፈረንጁ ራሱ ቀምሶ አየውና ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። አቶ ደሞዝ ግን አልሳቁም። ይህን ማን አስተማረህ አሉኝ። አሁን እሱን አይቼ ነው አልኩ። እሳቸውም ከንፈሬ ላይ የቀረውን አፈር ተመለከቱ።

ከጉድጓዱ ስንወጣ ነው የደረሳችሁት። አሥር ሆናችሁ፣ ቅርጫትና ዶማችሁን ይዛችሁ፣ ታላቃችሁ እማማ ሸጌ ከፊት፣ አንቺ ከኋላዋ። እሾሁ ተነሥቶ ስታዩ ባላችሁበት ቀጥ አላችሁ። እማማ ሸጌ ዓይኗ ደክሟል፤ ሌሎቹም እኔን የሚያውቁኝ በቁምጣ ነው፣ በኮትና በባርኔጣ ማን ይለየኛል። አንቺ ግን አወቅሽኝ። ፊትሽ ወዲያው ፈካ። አንድ እርምጃ ወደ እኔ ተራመድሽ።

አቶ ደሞዝ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረው፣ እነዚህ ያንተ አገር ሰዎች አይደሉም ወይ፣ እናት አባትህስ እዚሁ አካባቢ ናቸው ብለኸኝ አልነበር ወይ አሉ። በእኔና ባንቺ መካከል አምስት ክንድ አይሆንም ነበር። ሞተዋል አልኩ። ሁለቱም ሞተዋል፣ ዘመድም የለኝ፣ እነዚህን ሴቶች አላውቃቸውም አልኩ።

ቆምሽ። ነጠላሽን አፍሽ ላይ አደረግሽ። ከዚያ ጎንበስ ብለሽ፣ ነፍስ ይማር ጌታዬ፣ አልሽኝ።

እማዬ፣ ብትሰድቢኝ፣ ልጄ ነህ ብለሽ ኮሌታዬን ብትይዥኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ገዛ ሞትሽ አጽናናሽኝ። ከሴቶቹ ጋር ተመልሰሽ ስትወርጂ ጉልበትሽ እንዳመመሽ ከአካሄድሽ ገባኝ፤ ሮጬ ቅርጫትሽን እንኳ አልያዝኩልሽም። እግሬ አልታሰረም፣ ማንም አልያዘኝም። ባርኔጣዬን አስተካክዬ ከረጢት ላይ ቁጥር መጻፌን ቀጠልኩ።

ይኼ ብቻ ቢሆን ኃጢአቱ በእኔና ባንቺ መካከል ነው፣ እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሽ ነበር። የባሰው ከዚያ ወዲያ ነው።

በሳምንቱ አቶ ደሞዝ ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት አለ። ቦታው ማንም የማይጠቀምበት ጠፍ መሬት መሆኑን እኔ የአገሩ ተወላጅ አውቃለሁ፣ እመሰክራለሁ ይላል። ሴቶቹ እኮ ይቆፍሩበታል አልኳቸው፤ ይህን ማለቴን እግዚአብሔር ያውቃል፣ ግን በለሆሳስ ነው ያልኩት። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ አላውቃቸውም ብለህ አልነበር ወይ አሉኝ። ቀጥለውም፣ አፈሩን በአፍህ መለየት ከየት እንዳመጣኸው እኔ ደግሜ አልጠየቅኩህም፣ ሌላም ሰው እንዲጠይቅህ አልፈልግም አሉ። ብዕሩንም ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ፈረምኩ። ገብረማርያም የሻው ብዬ፣ በዚያ አንቺ ጌጥ ይመስላል በምትይው ጽሕፈቴ ፈረምኩ። በሚያዝያ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ፤ ጉብታውም በዚያው ወር በሽቦ ታጠረ፣ ዘበኛም ቆመበት። የአፈሩ ምርመራ ከአዲስ አበባ ሲመለስ የላይኛው ለጣራ ክዳን፣ ነጩ ለሲኒ ይሆናል ተባለ። አንድ ኩባንያም ሊያወጣው ተዋዋለ። የሚገርመኝ ምን መሰለሽ? ያ ሲኒ ተሠርቶ ሲወጣ፣ ከእጅሽ ውሃ ተቀብሎ የማይጠጣው ሁሉ እየሳመ ይጠጣበታል። አፈሩ ያው ነው። ያንቺ እጅ ያልነካው መሆኑ ብቻ ነው።

እናንተ ደግሞ ከጉማራ ዳር አፈር መቅዳት እንደጀመራችሁ፣ እሱም እሳት ላይ እየፈነዳ ከአሥሩ ድስት ሦስቱ እንኳ እንደማይተርፍላችሁ አያ በላቸው በመስከረም ጽፎልኛል። በዚያው ደብዳቤ አንድ ያልገባኝ ነገር ነበረበት። እናትህ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ተጣልታለች፣ አብረዋት አይተኩሱም፣ እማማ ሸጌ እንኳ ሰላምታ ነሥታታለች፣ ምክንያቱን ብጠይቃት አትነግረኝም ይላል። አንቺና እማማ ሸጌ! ከአንድ እሳት ሳትለዩ ሠላሳ ዓመት የኖራችሁ። የሴት ነገር ነው፣ ይበርዳል ብዬ ተውኩት። እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ።

በጥቅምት መጨረሻ ከወረታ የተላከ ማመልከቻ መሥሪያ ቤታችን ደረሰ፤ መዝገብ ላይ እንዳሰፍረው ለእኔ ተሰጠኝ። የሸክላ ሠሪዎቹ ማመልከቻ ነው። ከእናት ከአያታችን ጀምሮ የምንኖርበት ጉድጓድ ጠፍ መሬት ተብሎ ተወሰደብን ይላል። በነሐሴ ወረዳ ግዛት ጠርቶ የምስክሩን ቃል እንዳነበበላቸው ይተርካል። ቀጥሎም፣ ገብረማርያም የሻው ነኝ ብሎ የፈረመውን ሰው ከመካከላችን የሚያውቀው የለም፣ አገራችንን የማያውቅ ሐሰተኛ ነውና ተይዞ በሕግ ይጠየቅልን ይላል።

ከሥሩ አውራ ጣታችሁ አለ። በየጣቱ አጠገብ ማመልከቻ ጸሐፊው ስም ጽፎበታል። እማማ ሸጌ፣ እናኑ፣ አማከለች፣ እናትነሽ፣ እያልኩ ወረድኩ። ያንቺን እየፈለግሁ ወረድኩ። ዘጠኝ ላይ ቆመ። ጣቴን እያስኬድኩ እንደገና ከላይ ጀመርኩ፤ ዘጠኝ ነው። ያን ቀን አሟት ይሆናል አልኩ። ርቃ ሄዳ ይሆናል፣ አንበሳሜ ለቅሶ ደርሳ ይሆናል አልኩ። ማመልከቻው ግን አሥራችንም ባለንበት ተነበበልን ይላል። አሥራችሁም ነበራችሁ። ገብረማርያም የሻው ሲባል፣ አበረ ብለው ብቻ የሚያውቁኝ ዘጠኙ የማያውቁትን ስም ነው የሰሙት።

ለምን ጣትሽን እንዳላደረግሽ አልጠይቅሽም። ለእማማ ሸጌም ለምን እንዳልነገርሻት አልጠይቅሽም። መሥሪያ ቤቱ እጇን አርሶላታል ብለው ሲያሙሽ ዝም ብለሽ፣ ለብቻሽ አፈር ቀድተሽ፣ ለብቻሽ ማገዶ ለቅመሽ፣ ለብቻሽ ስትተኩሺ ሦስት ወር አለፈሽ። ያን ወረቀት መዝገብ ላይ ሳሰፍረው ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ። ዓይንህ ምን ሆነ ሲሉኝ አቧራ ነው አልኩ። ይኸው አሁንም ዋሸሁ።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ነገሩ ኅዳር 25 ቀን ወረታ ወረዳ ግዛት ፊት ይታያል። ኩባንያው የሚያቀርበውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ወረቀቱ ሁሉ ያለፈው በእጄ ነው። ከአሥር አንዷ ጣቷን ከልክላለች፣ እውነት ቢሆን ኖሮ አትቀርም ነበር ሊሉ ነው። ዘጠኙን ሴቶች የሚጥላቸው የእኔ ፊርማ ብቻ አይደለም፤ ያንቺ ጣት መጉደልም ነው። ስለዚህ አድርጊ። በእኔ ላይ አድርጊ እናቴ። የወለድኩትን እንዴት እከሳለሁ ትያለሽ፤ ግን የምታድኚው ልጅ በሚያዝያ በቋሚነት የተቀጠረው ገብረማርያም ነው። እሱን ተዪው፣ ከአንቺም አይደለም የተወለደው።

እኔም እመጣለሁ። በዋዜማው አውቶቡስ ይዤ ወረታ እገባለሁ። ዳኛው ፊት ቆሜ ሐሰተኛው ምስክር እኔ ነኝ እላለሁ። የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያንጊዜ ስምሽን ከነአባትሽ፣ ሥራሽን ከነቦታው እናገራለሁ። ሥራዬ ይሄዳል፤ ይሂድ። ቢያስሩኝም የተገባ ነው። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም አንቺ ከሰው መካከል ተነሥተሽ፣ አይ ጌቶቼ፣ ይኼ ልጅ አሞት ነው፣ አላውቀውም እንዳትዪ ነው። አንቺ ታደርጊዋለሽ፣ አውቅሻለሁ። አታድርጊው። አንድ ጊዜ ያዳንሽኝ በቃኝ።

የፎገራ ሜዳ ሣር ለላምሽ አይጉደል፣ እሳትሽ ሸክላሽን አይብላ፣ ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ ከእማማ ሸጌም ጋር ያስታርቅሽ። መርቂኝ አልልሽም፤ ያንን ከማለት በፊት የምሠራው አለ።

አያ በላቸው፣ ሳትዘል እዚህ እንደደረስክ አምናለሁ። ነገ ጠዋት ይዘሃት ወረዳ ግዛት ሂድ፤ ጉልበቷን ያማታልና ቀስ እያልክ ውሰዳት። ጣቷን ካደረገች ይህን ወረቀት አቃጥለው። እምቢ ካለች ግን አታስገድዳት፤ ወረቀቱን ይዘህ እማማ ሸጌ ቤት ሂድና ዘጠኙንም ሰብስበህ ከላይ እስከ ታች አንብብላቸው። ለዳኛውም አሳየው። ብታለቅስም፣ ብትረግምህም አትስማት። ከታች የመሥሪያ ቤቱን ፊርማዬን አኑሬያለሁ፤ ከዚያኛው ጋር ያስተያዩት፣ አንድ ነው።

ልጅሽ

ገብረማርያም የሻው